የመድኃኒት ከሰል መቼ ያድናል?



አንድ ሰው፣ ሕፃንም ይሁን አዋቂ፣ ከመጠን በላይ መድኃኒት ዋጠ እንበል። ቤተሰቡ ደንግጦ ይሯሯጣል። አንዱ ወተት ያመጣል፤ ሌላው ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከትቶ ሊያስመልሰው ይታገላል፤ ሦስተኛው «ዘይት አጠጡት» ይላል። ሆስፒታል ሲደርሱ ነርሷ በኩባያ ጥቁር ብጥብጥ ይዛ ትቀርብ ይሆናል፤ ወይም ሐኪሙ በሽተኛውን መርምሮ «ለዚህኛው አይሰጥም» ይል ይሆናል። ይህ ጥቁር ብጥብጥ በሕክምና ቤት አክቲቬትድ ቻርኮል የሚባለው ነው፤ እኔ በዚህ ንግግር የመድኃኒት ከሰል እለዋለሁ። ለአንዱ የሚሰጥበትን፣ ለሌላው ግን የሚከለከልበትን ምክንያት ማወቅ የሐኪሞች ብቻ ጉዳይ አይደለም። የዛሬው ክርክሬ እንዲህ ነው፦ የመድኃኒት ከሰል ማርከሻ ሳይሆን የጊዜ መሣሪያ ነው። ጥቅሙ የሚወሰነው በተዋጠው ነገር ዓይነት፣ ከተዋጠ ባለፈው ሰዓትና በሽተኛው ነቅቶ የመዋጥ አቅም ያለው በመሆኑ ነው። ሦስቱ ሲገጥሙ ይረዳል፤ ካልገጠሙ ከንቱ ነው፣ አንዳንዴም ይጎዳል። ስለዚህ ከቤተሰብ የሚጠበቀው ከሰል መፈለግ ሳይሆን ሰዓቱን አለማባከን ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ እንይ። የመድኃኒት ከሰል የሚዘጋጀው ከእንጨት፣ ከኮኮናት ቅርፊት ወይም ካርቦን ከበዛበት ሌላ ነገር ነው። ጥሬው አየር እንዳያገኝ ተደርጎ ይከስላል፤ ቀጥሎም እጅግ በጋለ እንፋሎት ወይም በኬሚካል እንደገና ይታከማል። ይህ ሁለተኛው ሥራ በከሰሉ ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ቀዳዳዎችን ይከፍታል። የእንጀራን ዓይን አስቡ፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ዓይን ውስጥ ሌሎች ዓይኖች፣ በእነዚያም ውስጥ ለማየት የማይቻሉ ሌሎች እንዳሉ አድርጋችሁ ነው። በዚህ ምክንያት የአንድ ግራም ከሰል የውስጥና የውጭ ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ 1000 ካሬ ሜትር ገደማ፣ በአንዳንዱ ዓይነትም ከዚያ እጅግ የበለጠ ይሆናል። በጨጓራና በአንጀት ፈሳሽ ውስጥ የሟሟው መድኃኒት ከዚህ ሰፊ ገጽ ጋር ሲገናኝ ላዩ ላይ ይጣበቃል። ከሰሉ ራሱ በአንጀት ግድግዳ አልፎ ወደ ደም አይገባም፤ የያዘውን ይዞ ከሰገራ ጋር ይወጣል። የከሰሉ አሠራር ይኸው ነው። መርዙን አይሰባብርም፣ ባሕርዩን አይለውጥም፣ ደም ውስጥ ገብቶም አያሳድደውም። ገና አንጀት ውስጥ ያለውን ይይዛል፤ አንጀቱን አልፎ ደም ውስጥ የገባውን ግን በአብዛኛው አያገኘውም። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ ከዚህ አንድ እውነት የሚመነጭ ነው።

የከሰል የመያዝ ኃይል ከታወቀ ቆይቷል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሩሲያ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ቶቢያስ ሎቪትስ ከሰል የጎደፉ ፈሳሾችን እንደሚያጠራ አሳይቶ ነበር። ከሁሉ ይበልጥ የሚነገረው ታሪክ ግን የፈረንሳዊው ፋርማሲስት የፒየር ቱዌሪ ነው። በ1831 ዓ.ም. (በዚህ ንግግር ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፈረንሳይ የሕክምና አካዳሚ አባላት ፊት ሰው የሚገድል መጠን ያለው ስትሪክኒን የተባለ መርዝ ከከሰል ጋር ቀላቅሎ ዋጠና ምንም ሳይሆን ቀረ ይባላል። ታሪኩ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል በየመጽሐፉ ሲደጋገም የኖረው አስደናቂ ስለሆነ ነው፤ ለእኛ ግን ትምህርቱ ያለው አንድ ዝርዝር ውስጥ ነው። ቱዌሪ መርዙንና ከሰሉን የዋጠው በአንድ ጊዜ ነው፤ በመካከላቸው አንዲት ደቂቃ እንኳ አልነበረችም። በእውነተኛ ሕይወት ግን መድኃኒት ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው ከሰሉን አብሮ አይወስድም። መጀመሪያ ይዋጣል፤ ከዚያ ይደበቃል ወይም ሳይታወቅ ይቆያል፤ ከዚያ ቤተሰብ ይደርስበታል፤ ከዚያ መኪና ይፈለጋል፤ ከዚያ የሆስፒታል ተራ አለ። የቱዌሪ ሙከራ ከሰል መርዝ መያዝ እንደሚችል አረጋገጠ፤ ዘግይቶ የመጣ ከሰል ሰው ማዳኑን ግን አላረጋገጠም።

ይህን ክፍተት ለመለካት ተመራማሪዎች ጤነኛ ፈቃደኞችን አሰባስበው ጉዳት የማያደርስ መጠን ያለው መድኃኒት ሰጧቸው፤ ከዚያም ከሰሉን በተለያየ ጊዜ እያጠጡ የደማቸውን የመድኃኒት መጠን ለኩ። የአሜሪካና የአውሮፓ የመርዝ ሕክምና ባለሙያ ማኅበራት እነዚህን ጥናቶች ሰብስበው በ1997 የጋራ አቋም አወጡ፤ በ2005ም አሻሻሉት። ቢያንስ 50 ግራም ከሰል በተሰጠባቸው ጥናቶች፣ ከሰሉ ከ30 ደቂቃ በኋላ ሲሰጥ ወደ ደም የሚገባው መድኃኒት በአማካይ 47 በመቶ ያህል ቀነሰ። ከ60 ደቂቃ በኋላ ሲሰጥ ቅነሳው ወደ 40 በመቶ ወረደ፤ ከ2 ሰዓት በኋላ ደግሞ 16 በመቶ አካባቢ ሆነ። ማኅበራቱ ከዚህ ተነሥተው ከሰል ለማንኛውም በመድኃኒት ለተመረዘ ሰው በልማድ የሚሰጥ መሆን እንደሌለበት፣ ከሰል የሚይዘውን ነገር አደገኛ በሆነ መጠን የዋጠ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲደርስ ግን ሊታሰብ እንደሚገባው ገለጹ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ የተለካው የደም መጠን ነው እንጂ የዳነ ነፍስ አይደለም። ፈቃደኞቹ የወሰዱት ጥቂት መድኃኒት ነበር፤ አልታመሙም፤ ማንም አላዘገያቸውም። ስለዚህ ጥያቄው ይቀጥላል፤ በእውነት በተመረዙ ሰዎች ላይስ ምን ይሆናል?

ለዚህ ጥያቄ ትልቁን መልስ የሰጠችው ስሪ ላንካ ናት። በገጠሯ ሰዎች ራሳቸውን ለመጉዳት ፀረ ተባይና መርዛማ የዛፍ ፍሬ የሚወስዱባት አገር ስለነበረች፣ ማርከሻ ፍለጋው የየዕለት የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር። ተመራማሪው ማይክል ኤድልስተንና ባልደረቦቹ ከ2002 እስከ 2004 በሦስት ሆስፒታሎች ከ4600 በላይ በሽተኞችን በዕጣ በሦስት ቡድን መደቧቸው። የመጀመሪያዎቹ ከሰል አልወሰዱም፤ ሁለተኛዎቹ አንድ ጊዜ ወሰዱ፤ ሦስተኛዎቹ በየአራት ሰዓቱ ስድስት ጊዜ ወሰዱ። ውጤቱ በ2008 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። ከሰል ካልወሰዱት 6.8 በመቶ፣ አንድ ጊዜ ከወሰዱት 7.1 በመቶ፣ ደጋግመው ከወሰዱት 6.3 በመቶ ሞቱ። እነዚህ ቁጥሮች እርስ በርስ የሚለያዩት በአጋጣሚ ሊሆን ከሚችለው በላይ አይደለም። ቀደም ብለው የደረሱትን ለይተው ሲያዩም ልዩነት አላገኙም። በሌላ በኩል እዚያው ስሪ ላንካ የተሠራና በ2003 የታተመ ሌላ ጥናት ነበር። ቢጫ ኦሊያንደር በተባለው መርዛማ የዛፍ ፍሬ የተመረዙ 401 ሰዎች ሁሉም መጀመሪያ አንድ ጊዜ ከሰል ወሰዱ፤ ከዚያ ገሚሶቹ ለሦስት ቀናት በየስድስት ሰዓቱ ተደገመላቸው። ከእነዚህ የሞቱት 2.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልተደገመላቸው መካከል የሞቱት 8 በመቶ ነበሩ። በአንድ አገር፣ በተቀራረቡ ዓመታት፣ ሁለት የተለያዩ መልሶች ተገኙ። ከሰሉ የተሰጠበት የሰዓት ልዩነትና የቆየበት የቀናት ብዛት ግን በሁለቱ ጥናቶች አንድ አልነበረም። እውነትን የሚፈልግ ሰው የሚወደውን ጥናት መርጦ ሌላውን አይጥልም፤ ሁለቱን ይዞ «ከሰል ለማን፣ መቼ፣ በምን አኳኋን?» ብሎ ይጠይቃል።

እኔ ከእነዚህ ማስረጃዎች የምረዳው እንዲህ ነው። በትልቁ ጥናት ከነበሩት በሽተኞች ከግማሽ የሚበልጡት የዋጡት ፀረ ተባይ ነበር። ፈሳሽ ፀረ ተባይ ከጨጓራ ፈጥኖ ያልፋል፤ በሽተኞቹ ደግሞ በብዛት ሆስፒታል የደረሱት ከሰዓታት በኋላ ነው። ያኔ ከሰሉ የሚይዘው ነገር በአንጀት ውስጥ እምብዛም አልቀረም። መጠኑም ይወስናል። ባለሙያዎች ከተዋጠው መድኃኒት አሥር እጥፍ ከሰል ቢሰጥ ጥሩ ነው ይላሉ፤ ለአዋቂ በአብዛኛው የሚሰጠው 50 ግራም ያህል ነው። በሚሊግራም የሚለካ ብርቱ መድኃኒት ለዋጠ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ በአሥሮች ግራም ለዋጠ ግን ገጹ ሁሉ ተይዞ ያልቃል። ከዚህም ሌላ ከሰል ጨርሶ የማይይዛቸው ወይም ለቁም ነገር በማይበቃ መጠን የሚይዛቸው አሉ። አልኮል፣ የደም ማነስ መድኃኒት የሆነው አይረን፣ ሊቲየምና ፖታሲየም ከእነዚህ ናቸው። እርጉዝ ሴቶች የሚወስዱትን የአይረን እንክብል ከረሜላ መስሎት ለዋጠ ሕፃን ከሰል አይረዳውም፤ ሌላ ሕክምና ግን አለው፤ ያንን የሚያገኘውም ፈጥኖ ሲደርስ ነው። የሚያቃጥል አሲድ፣ ጠንካራ የማጽጃ ኬሚካልና ነጭ ጋዝ የጠጣ ሰው ደግሞ ከሰል ሊሰጠው አይገባም። የሚያቃጥለው ነገር በከሰል አይያዝም፤ ከሰሉ ቢያስመልሰው የተቃጠለው ጉሮሮ ዳግመኛ ይቃጠላል፤ ሐኪሙ ቁስሉን በመሣሪያ ሊያይ ሲሞክርም ሁሉ ነገር ጥቁር ይሆንበታል። ነጭ ጋዝ ሲመለስ ወደ ሳንባ ይገባል፤ የሚገድለውም በአብዛኛው ይኸው ነው።

ጉዳቱንም መሸፈን የለብንም። ከሰል አሸዋ አሸዋ የሚል፣ ለመጠጣት የሚያስቸግር ብጥብጥ ነው፤ ብዙዎችን ያስመልሳል። ነቅቶ የተቀመጠ ሰው ቢያስመልሰው ይተፋዋል። የሚያንቀላፋ፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ግን ትን ይለዋል፤ ከሰሉም ሳንባው ይገባል። ሳንባ የገባ ከሰል ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል፤ ሊገድልም ይችላል። አንጀት በተኛበት ሰው ላይ ደጋግሞ መስጠትም አንጀትን ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ ሰው የመተንፈሻ ቧንቧውን መጠበቅ ይችላል ወይ?» ብሎ ነው። ካልቻለ፣ መጀመሪያ የመተንፈሻ ቱቦ ገብቶለት ሳንባው ሳይጠበቅ ከሰል አይሰጠውም። ቤት ውስጥ ራሱን ለሳተ ሰው ማንኛውንም ነገር በአፉ መስጠት የማይፈቀደው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ወተትም ይሁን ውሃ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል፦ ትልቁ ጥናት ጥቅም ካላሳየ፣ አደጋም ካለው፣ ለምን ጨርሶ አይተውም? መልሴ፣ አንድ ጥናት የሚመልሰው የጠየቀውን ነው የሚል ነው። የስሪ ላንካው ጥናት በፀረ ተባይና በመርዛማ ፍሬ ላይ ያለውን በደንብ መልሷል፤ በከተማ ቤቶች በብዛት የሚዋጡትን መድኃኒቶች ግን በሰፊው አላያቸውም። ለምሳሌ በአውስትራሊያ እጅግ ብዙ ፓራሲታሞል የወሰዱ ሰዎች ላይ የተሠራና በ2017 የታተመ ጥናት፣ በ4 ሰዓት ውስጥ ከሰል የተሰጣቸው ሰዎች የጉበት ጉዳት ከሌሎቹ ያነሰ እንደነበር አሳይቷል። በዕጣ የተመደበ ሙከራ ስላልነበረ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ነገር ግን ከሰል በአካል ውስጥ ከሚሠራበት መንገድ ጋር ይስማማል። ቀስ እያሉ እንዲሟሙ የተሠሩ እንክብሎችና የአንጀትን እንቅስቃሴ የሚያዘገዩ መድኃኒቶችም አሉ፤ በእነዚህ ጊዜ የከሰሉ ዕድል ከአንድ ሰዓት ሊረዝም ይችላል። በአገራችን ለሚጥል በሽታ በብዛት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ደግሞ የተለየ ምሳሌ ነው። ፌኖባርቢታል ደም ውስጥ ከገባ በኋላም ከደም ወደ አንጀት ይመላለሳል፤ ከሰል ደጋግሞ ሲሰጥ የተመለሰውን እየያዘ ከሰውነት የሚወጣበትን ፍጥነት ይጨምራል። ካርባማዜፒን፣ ዳፕሶን፣ ኩዊኒንና ቲዮፊሊንም በዚህ ረገድ በባለሙያ ማኅበራቱ የተጠቀሱ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሰልን ከአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያላወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ለሁሉ አለመሆኑ ለማንም አለመሆኑን አያሳይም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የጠነከረ ነው። እናንተም በልባችሁ ሳትሉት አልቀራችሁም፦ ነገሩ የጊዜ ከሆነ፣ ዋናው የመጀመሪያው ሰዓት ከሆነ፣ ከሰሉን ቤት አስቀምጠን ወዲያው ብንሰጥስ? አመክንዮው ያምራል። ነገር ግን ይህ ጎዳና አስቀድሞ ተሞክሯል። በአሜሪካ ወላጆች የሚያስመልስ ሽሮፕ፣ አይፔካክ የሚባለውን፣ ቤት እንዲያስቀምጡ ለብዙ ዓመታት ይመከሩ ነበር፤ ምክሩም ልክ እንደዚህኛው ሐሳብ ፍጥነትን መሠረት ያደረገ ነበር። በ2003 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ምክሩን አነሣ፤ ሽሮፑ የልጆችን ዕጣ ማሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ስላልተገኘ ነው። ስለ ከሰልም በዚያው መግለጫ ቤት ውስጥ እንዲሰጥ ለመምከር ጊዜው ገና ነው አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወላጅ የተዋጠው ነገር በከሰል የሚያዝ መሆኑን ሊለይ አይችልም፤ ልጅ ጥቁሩን ብጥብጥ አልጠጣም ብሎ ሲታገል ግማሽ ሰዓት ያልፋል፤ አንዳንዱ መድኃኒት ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ያስተኛል፤ ትን የሚለውም ያኔ ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ታስቦ የተጀመረው ነገር ጊዜ ይበላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከሰል ያጠጣ ቤተሰብ «አሁንስ ድኗል» ብሎ ሊቀመጥ መቻሉ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ተቃውሞ ሳይሆን ልማድ ነው። «ከሰል ከሆነማ በየቤቱ አለ» የሚል ይኖራል። የምድጃ ከሰል ግን በጋለ እንፋሎት ያልታከመ ነው፤ ቀዳዳዎቹ አልተከፈቱም፤ አመድና ሌላ ቆሻሻም አለበት። ፈጭቶ ማጠጣት ሳንባን ለአደጋ ከማጋለጥና ሰዓት ከማባከን በቀር ፋይዳ የለውም። ወተትም እንዲሁ ነው። ወተት መርዝ ያረክሳል የሚለው እምነት በአገራችን ሥር የሰደደ፣ ከርኅራኄ የመነጨም ነው፤ የሚያጠጣው ሰው ማዳን ይፈልጋል። ነገር ግን ወተት የተዋጠን መድኃኒት አያረክስም፤ ሆዱን ሞልቶ ሊያስመልሰው ይችላል። ጣት ከትቶ ማስመለስም ከዚህ አይሻልም። በሌላ በኩል ሆድን ያጸዳል እየተባለ በእንክብል የሚሸጠውን ከሰል በየዕለቱ የሚወስዱ አሉ። ከሰሉ መርዝና መድኃኒት አይለይም፤ ለግፊት፣ ለሚጥል በሽታ ወይም ለወሊድ መቆጣጠሪያ የተወሰደውን እንክብልም አብሮ ሊይዘው ይችላል።

እንግዲህ የቤተሰብ ድርሻ ምንድን ነው? ሐኪሙ ለመወሰን ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ምን ተዋጠ፣ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት። እነዚህን ሦስት መልሶች ከቤተሰቡ በቀር ማንም አያውቃቸውም። ስለዚህ የመድኃኒቱን ማሸጊያ፣ ብልቃጡን፣ የቀሩትን ኪኒኖች ሰብስባችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰዓቱን ጻፉ። በሽተኛው ነቅቶ ከሆነ አስቀምጡት፤ ራሱን ከሳተና የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፤ በአፉ ምንም አትስጡት፤ አታስመልሱት። የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ጥሩ፤ አምቡላንስ ከዘገየ ባገኛችሁት መኪና ውሰዱት። «ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም» በሚል አትታለሉ። ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ የዋጠ ሰው በመጀመሪያው ቀን ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ ጉበቱ የሚጎዳው ከዚያ በኋላ ነው። ለፓራሲታሞል አሴቲልሲስቴይን የተባለ እውነተኛ ማርከሻ አለ፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚሠራው ግን በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው። ለብዙ ፀረ ተባዮችም ሆስፒታል ውስጥ አትሮፒንና የመተንፈሻ ድጋፍ አለ። ከሰል ያመለጠው ሰው እንኳ ሕክምና አላመለጠውም፤ ሕይወትን በብዛት የሚያተርፈውም የኦክስጅን፣ የደም ግፊትና የመተንፈስ ጥንቃቄ ነው።

በመጨረሻ፣ ከኬሚስትሪው ይልቅ ሰዓትን የሚሰርቀውን ነገር ልናገር። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሰዓት የሚጠፋው በመንገድ አይደለም፤ በመደበቅ ነው። ሕፃን ሲውጥ ወላጅ «ቸልተኛ ይሉኛል» ብሎ ይፈራል። ወጣት በጭንቀት ራሱን ለመጉዳት ሲወስድ ቤተሰቡ «ጎረቤት ይሰማል» ብሎ በሩን ይዘጋል፤ ራሱም ቆጭቶት እንኳ አፍሮ ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ መድኃኒቱ ከጨጓራ ወደ አንጀት፣ ከአንጀት ወደ ደም ይሻገራል። እንዲህ ያለ ሰው የሚያስፈልገው ተግሣጽ ሳይሆን መኪና ነው፤ ከሆስፒታል ሲመለስ ደግሞ የሚያዳምጠው ሰውና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው። መድኃኒትን ከሕፃናት እጅ አርቆ ቆልፎ ማስቀመጥ፣ ፀረ ተባይንና በረኪናን በውሃ ፕላስቲክ አለመገልበጥ፣ ጭንቀት ያለበትን ሰው ቀድሞ መጠየቅ ከማንኛውም ከሰል የሚበልጡ መከላከያዎች ናቸው። አደጋው ከደረሰ ግን እፍረትን ወደ ጎን ትታችሁ ፈጥናችሁ ተነሡ፤ እውነቱንም ለሐኪሙ ሳታጎድሉ ንገሩት። ከሰል ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚለውን እርሱ ይወስናል፤ ለመወሰን ጊዜ እንዲኖረው የምታደርጉት ግን እናንተ ናችሁ።